ተናውጦ ወደ ቦታው የሚመለስ ሕንፃ፦ በመሬት ስንጥቅ አጠገብ ምን ያህል ይወዛወዛል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 2011 ከቀትር በኋላ በቨርጂኒያዋ ሄርንደን የቤትና የቢሮ ወለል ተናወጠ። የርዕደ መሬቱ መጠን 5.8፣ መነሻውም ሚኒራል የተባለች ከተማ አካባቢ ነበር። ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው የዋሽንግተን ሐውልት ተሰንጥቆ እስከ ሜይ 2014 ለጎብኚዎች ተዘጋ። በ2024 ማብቂያና በ2025 መግቢያ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መጠናቸው ከ5 በላይ የሆኑ መናወጦች ሲደጋገሙ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩና አገር ቤት ቤተሰብ ወይም ቤት ያላቸው ኢትዮጵያውያን የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሕንፃው ይቆማል?

መሐንዲሶች ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራሉ፦ ቆሞስ ያገለግላል? በ1995 በጃፓን ኮቤ ከደረሰው ርዕደ መሬት በኋላ ሳይወድቁ የቀሩ በርካታ የድልድይ ምሰሶዎች ዘመው በመቅረታቸው እንዲፈርሱ ተደርጓል። በ2011 የ185 ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው የኒውዚላንዱ ክራይስትቸርች አደጋም በከተማዋ ማዕከል ብዙ የቆሙ ሕንፃዎችን ለፍርስራሽ ዳርጓል። የተለመደው የኮንክሪት ሕንፃ ሰው የሚያድነው ብረቱ ተለጥጦ ጉልበቱን ስለሚውጥ ነው፤ የተለጠጠ ብረት ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

ራሱን የሚመልስ ሕንፃ የታሰበው ለዚህ ነው። ምሰሶውና አግዳሚው ተጣብቀው አይገነቡም፤ በመካከላቸው በሚያልፍ አስቀድሞ በተወጠረ የብረት ገመድ ተጠፍረው ይያዛሉ። መሬት ሲናወጥ መጋጠሚያው በጥቂቱ ይከፈታል፤ ንዝረቱ ሲያልፍ ገመዱ እንደ ደጋን ስቦ ይዘጋዋል። ንዝረቱን የሚያበርዱት ከጉዳት በኋላ ሊቀየሩ የሚችሉ ብረቶች ናቸው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ በ1999 የተፈተነው ባለ አምስት ፎቅ ሞዴል የዚህን አሠራር ብቃት አሳይቷል።

አሠራሩ ግን ዋጋ አለው። የሚያበርደው ጉልበት ከተለመደው ሕንፃ ስለሚያንስ፣ ወደ ቦታው ቢመለስም በንዝረቱ መካከል አብዝቶ ሊወዛወዝ ይችላል። ወደ ስንጥቁ በቀረቡ ቁጥር ደግሞ ችግሩ ይከፋል። ስንጥቁ ወደ ሕንፃው አቅጣጫ እየተቀደደ ሲመጣ፣ የተከታተሉት ሞገዶች ተደራርበው እንደ አንድ ብርቱ ግፊት ይደርሳሉ። ይህ ግፊት ከአንድ እስከ ጥቂት ሴኮንዶች ሊቆይ ይችላል።

ግምቱ በሦስት እርምጃ ይሠራል። በመጀመሪያ ሕንፃው ምንም ሳይጎዳ ቢወዛወዝ የሚሄድበት ርቀት ይሰላል። የመወዛወዣ ጊዜው 1 ሴኮንድ፣ የሚደርስበት ሽምጠት፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥ፣ የመሬት ስበት ግማሽ ወይም 4.9 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ይሁን። ይህ በ39.5 ሲካፈል 12.4 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ቀጥሎ የመወዛወዣ ጊዜው ከግፊቱ ቆይታ ጋር ይነጻጸራል። ከስንጥቅ በራቀ ቦታ እውነተኛው ርቀት ከዚህ ቁጥር ብዙም አይለይም። በአጠገቡ ግን ግፊቱ ከሕንፃው የመወዛወዣ ጊዜ እጅግ ከረዘመ ርቀቱ ይጨምራል፤ ሁለቱ ከተቀራረቡ ሊቀንስም ይችላል። ለምሳሌ ማባዣው 1.5 ቢሆን ርቀቱ 18.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በመጨረሻም ውጤቱ በእውነተኛ ርዕደ መሬቶች ቅጂ በኮምፒውተር ይፈተናል።

የ6 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት ትንሽ አይደለም። መስታወቱ የሚሰበረው፣ የውኃ ቧንቧው የሚበጠሰው፣ ደረጃው የሚላቀቀው፣ ተጠግቶ ከተሠራ ጎረቤት ሕንፃ ጋር ግጭት የሚፈጠረው በዚያ ርቀት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት ማጀቴን፣ የ1969ኙ ደግሞ በአፋር ሰርዶን አውድሟል። አዳማና መተሐራ ዛሬም የስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች በሚያልፉበት ምድር ላይ ናቸው። በ2015 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ ለርዕደ መሬት የሚደረገውን ዲዛይን ይደነግጋል። ስለዚህ ከሄርንደን ሆኖ አገር ቤት ቤት የሚያሠራ ሰው መሐንዲሱን «ይወድቃል ወይ?» ብሎ ብቻ ማቆም የለበትም፤ «ስንጥቁ ምን ያህል ይቀርባል? ሕንፃውስ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥር ደግሞ ሊመረመር ይችላል።