ከተለያዩ በኋላ ስለ ስጦታና ስለ ዕቃ የሚነሣ ክርክር

መተጫጨት ሲፈርስ ወይም ጋብቻ ሲፈታ ከሐዘኑ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የዕቃ ክርክር ነው። ቀለበቱ፥ ሐብሉ፥ ልብሱና ምጣዱ ሳይቀር እየተቈጠረ በሽማግሌ፥ ከዚያም በዳኛ ፊት ይቀርባል። ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው የዕቃውን ዓይነት ቢለዩ ኖሮ አብዛኛው ክርክር ባልተነሣም ነበር። እንግዲህ ሦስቱን ለይተን እንመልከት።

1ኛ፤ ስጦታ። ስጦታ ማለት ሰው ባልንጀራውን ለመጥቀም ብሎ ከገንዘቡ የሚሰጠው ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 2427 የሚተረጕመው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ በፍቅር ቀን የተሰጠውን በጠብ ቀን ዕዳ ማድረግ አይገባም። እንደ ጥሎሽ ያለው፥ ስለሚመጣው ጋብቻ ተብሎ የተሰጠው ግን፥ ጋብቻው ሳይፈጸም ከቀረ ተቀባዩ ሳይጠየቅ ቢመልሰው ክብሩ ነው።

2ኛ፤ ብድርና አደራ። ይህ የሰው ገንዘብ ነውና ፍቅሩ ቢያልቅም ዕዳው አያልቅም። አባቶች «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ያሉት ስለዚህ ነው። አበዳሪም ይጠንቀቅ፤ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በሕጉ ቍጥር 2472 መሠረት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው። በመዋደድ ዘመን ወረቀት መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ኋላ ከሚመጣ ሐሰት ሁለቱንም ይጠብቃል።

3ኛ፤ የባልና የሚስት ንብረት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፥ ከጋብቻ በፊት የነበረውን፥ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣውን የግል ያደርገዋል። የግል መሆኑ ያልተረጋገጠው ግን የጋራ እንደ ሆነ ይቈጠራል።

ሆኖም ሕጉን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ጊዜ ከሳሹ የሚፈልገው ዕቃውን አይደለም፤ ሌላውን ማዋረድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን ስለ መካሰሳቸው የወቀሳቸው ይህን የመሰለ ልብ አይቶ ነው። እንግዲህ ከመክሰስህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ «ይህን ዕቃ የምፈልገው ስለሚያስፈልገኝ ነውን? ወይስ እርሷ እንዳታገኘው ነው?» መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ተወው።

ተገቢ የሆነውን ለመጠየቅ ግን አትፈር። የምትጠይቀውን በወረቀት ዘርዝር፤ ሁለቱ ወገኖች የሚያምኑትን አንድ ሽማግሌ አስቀምጥ፤ ሁሉ በአንድ ቀን ይመለስ። የእናት መታሰቢያ የሆነውን ጌጥ ዋጋው ቢያንስም አታስቀር። የልጆችን ልብስና መጽሐፍ ወደ ክርክሩ አታግባ። ደብዳቤዎችንም ለሰው አታሳይ፤ የባልንጀራ ምሥጢር ደግሞ አደራ ነውና።