2147483647፦ ጥምቀትን ያሳተብኝ ቁጥር

የእኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌ ነበር። የ2030 ዓ.ም. ጥምቀትን፣ ጥር 11 ቀን እኩለ ቀንን ሳስገባ፣ 1894 ዓ.ም. ብሎ መለሰልኝ፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ማለት ነው። ስህተቱን ስከታተል 2147483647 ላይ ደረስኩ።

31 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ ይህን ቁጥር ታገኛላችሁ። በሁለትዮሽ ሲጻፍ 31 አንዶች ብቻ ነው። ከ32ቱ ቢት አንዱ ለመደመርና መቀነስ ምልክት ስለሚያዝ፣ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር አይገባም፤ 1 ሲጨመርበት ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ቆጠራው እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርሰው በዚያው የጥምቀት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ዋሽንግተን ላላችሁ ግን ገና የከተራ ምሽት 4 ሰዓት ከ14 ነው።

ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥርም ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። ይህን ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ያለ ኮምፒውተር አረጋግጧል። ብልሃቱ፦ ብቸኛ አካፋይ ቢኖረው የ62 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፣ እንደ 311። ፍለጋውም 46340 ላይ ያበቃል። ከ63 ጀምራችሁ በ62 እየዘለላችሁ ሉፕ ጻፉ፤ በ747 ሙከራ ትጨርሳላችሁ።

እኔም ሰከንዱን ወደ 64 ቢት ቀየርኩት፤ ጥምቀትም ወደ ቦታው ተመለሰ። እናንተም ኮዳችሁን በዚያች ቀን ፈትኑት።