የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ የድባቴ መድኃኒት ስንጀምር ማወቅ ያለብን



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም ብዙዎች ብቻቸውን ስለሚያልፉበት ጉዳይ እንማማራለን። አንድ ተማሪ ከወራት ድባቴ በኋላ እንደምንም ደፍሮ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል፤ መድኃኒት ይታዘዝለታል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሆዱ ሲገለባበጥና እንቅልፍ ሲያጣ ግን «ይሄ ነገር ለኔ አልሆነም» ብሎ መድኃኒቱን ሻንጣው ሥር ይወረውረዋል። የሚያሳዝነው ያቆመው ጥቅሙ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው።

መታከም ተወኩልን አያፈርስም

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል፤ ኡሳማ ኢብን ሸሪክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ከእርጅና በስተቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነግረውናል። ይህ የነፍስን ሕመም አይጨምርም ያለ የለም። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፈው ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ነፍስ ጤና በጻፈው ኪታብ፣ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቅ ሐዘን ለይቶ፣ ሁለተኛውን ከአካል ጋር አያይዞ የአካል ሕክምና እንደሚያስፈልገው አስተምሯል። ስለዚህ «ኢማንህ ቢጠነክር ኖሮ» የሚለው ቃል ለታመመ ወንድም መድኃኒት አይሆንም። ዱዓውም፣ ቁርኣኑም፣ ክኒናውም አብረው ይሄዳሉ።

ችግሩ ከጥቅሙ ለምን ይቀድማል?

በአገራችን ለድባቴ በብዛት ከሚታዘዙት መካከል ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን ይገኛሉ። ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በነርቮች መካከል በበቂ መጠን እንዲቆይ ያደርጋሉ። ሆኖም አብዛኛው የሰውነታችን ሴሮቶኒን ያለው አንጎል ውስጥ ሳይሆን አንጀት ውስጥ ነው። ማቅለሽለሹና ተቅማጡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው በዚህ የተነሳ ነው። አንጎል ራሱን ከለውጡ ጋር እስኪያስማማ ግን ሳምንታት ይፈጃል። አብዛኛው የጎንዮሽ ጉዳት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀንሳል፤ የስሜት መሻሻል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት እስከ ስድስትና ስምንት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሰብር ቦታው እዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

*ማቅለሽለሽ፦* መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድ፣ ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መብላት። ለጊዜው ቅባትና በርበሬ የበዛበትን መቀነስ።

*እንቅልፍ ማጣትና መቁነጥነጥ፦* ፍሉኦክሴቲን ጠዋት ቢወሰድ ይሻላል። ከዐስር ሶላት በኋላ ቡና አለመጠጣት።

*ድብታ፦* አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ይወሰዳል። ለፈጅር መነሳት ከከበደን፣ ሰዓቱን ወደ መግሪብ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን እንጠይቅ።

*የአፍ መድረቅና የሆድ ድርቀት፦* እነዚህም በአሚትሪፕቲሊን ይበዛሉ። በአዳማ፣ በመተሐራና በባቱ ሙቀት ደግሞ ይብሳሉ። የውኃ መያዣ ከእጃችን አይለይ፤ ሲዋክ ምራቅን ስለሚያነሳሳ ሱናም መፍትሔም ይሆናል። አትክልትና ፍራፍሬም ለሆድ ድርቀት ይረዳል።

*ሲነሱ ማዞር፦* ከአልጋም ሆነ ከሱጁድ ቀስ ብሎ መነሳት። መቆም ያቃተው ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል ሸሪዓው ፈቅዷል።

*የፍትወት ስሜት መቀነስ፦* ያገቡ ተማሪዎች በተለይ ይህን ለሐኪም ለመንገር ያፍራሉ። መጠኑን ወይም መድኃኒቱን በመቀየር ሊስተካከል ስለሚችል መናገሩ ይጠቅማል። የአንሷር ሴቶች ዲናቸውን ለማወቅ ሲጠይቁ ሐያእ አላገዳቸውም።

ጫት፣ ትራማዶልና ሌሎችም

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ፣ በቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት ግማሽ ያህሉ ጫት እንደሚቅሙ አሳይቷል፤ ከሚቅሙት መካከል 80 በመቶ ያህሉ ምክንያታቸው ለዱዓና ለሶላት ሐሳብን መሰብሰብ እንደሆነ ተናግረዋል። ለፈተና ብሎ የሚቅመውም ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምት ይጨምራል፤ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው መከፋትና ዱካክ ደግሞ ድባቴውን ያባብሳል። መድኃኒቱ የሚገነባውን ሌሊት ጫቱ ያፈርሰዋል። የሚቅም ሰው ይህንን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።

ከዚህ የከፋው ትራማዶል ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ፣ ትኩሳትና መቃዠት የሚያመጣ አደገኛ የሴሮቶኒን መብዛት፣ እንዲሁም እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ለራስ ምታት ወይም ለጥርስ ብለን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ስንገዛም፣ ከፍሉኦክሴቲንና ከሰርትራሊን ጋር የመድማትን ዕድል ስለሚጨምሩ የምንወስደውን መድኃኒት ለፋርማሲው ባለሙያ እንንገር። ባሕላዊ መድኃኒትም ቢሆን እንዲሁ።

የረመዷን ጉዳይ

ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ በሱሑር ወይም ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰዱ ይችላሉ። አሚትሪፕቲሊን ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል። ገና መጀመራችን ከሆነና ትውከቱ ወይም ማዞሩ ከበረታ ግን አላህ በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷል። ሰዓቱን ከሐኪም፣ ፍርዱን ከሚያውቁ ዑለማእ እንጠይቅ። «ረመዷን ነው» ብሎ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ መተው ግን አይገባም።

የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ያወጣውን ማስጠንቀቂያ በ2007 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች አስፍቶታል፤ በሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንታት በአንዳንዶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ይችላል። የአብዛኞቻችን ዕድሜ እዚሁ ውስጥ ነው። ይህ መድኃኒቱን እንድንፈራው ሳይሆን እንድንጠባበቅ ነው፤ ሳይታከም የቀረ ድባቴም ራሱ ነፍስ ያጠፋል።

ስለዚህ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ወይም ከበረታ፣ ከባድ መቁነጥነጥ ከታየ፣ ሳይተኙ ያለ ድካም መዋልና ያለ ልክ መናገር ከጀመረ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ወይም የፊት እብጠት ከወጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል። የግቢው ክሊኒክ ከተዘጋ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ድንገተኛ ክፍል አለ።

ስለ ማቆም

እነዚህ መድኃኒቶች እንደ ሱስ አይደሉም፤ በድንገት ሲቆሙ ግን ማዞር፣ መነጫነጭና የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ። «ተሻለኝ» ብለን በሁለተኛው ወር ብናቆም ድባቴው ሊመለስ ይችላል፤ ከተሻለን በኋላም ለወራት መቀጠል ያስፈልጋል። የምናቆመውም ከሐኪም ጋር፣ ቀስ በቀስ ነው። አንድ ቀን ከረሳን በማግስቱ እጥፍ አንውሰድ። ለእረፍት ወደ ሻሸመኔም ሆነ ወደ ባሌ ስንሄድ የሚበቃንን ያህል እንያዝ።

ለዶርም ጓደኞች

የጓደኛችንን ክኒና ካየን ምስጢሩ አማና ነው፤ ለሌላ አይነገርም፣ አይቀለድበትም። ምግብ ካፌ ድረስ አብረነው እንሂድ፣ ለፈጅር እንቀስቅሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ እንዴት እንዳደረ እንጠይቀው። መሞትን ካነሳ ብቻውን አንተወው፤ «ሐራም ነው» ብለን ገሥጸን ከመሄድ ይልቅ ክኒናዎቹን ከእጁ አርቀን፣ አብረነው ሐኪም ዘንድ እንሂድ። የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው፤ ይህም ሕመም ሕመም ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን፤ ለሚያስታምሙትም ሰብርና አጅር ይጻፍላቸው። አሚን።