የባሕር ጠረፍን የሚጠብቅ ማን ነው?

የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው የጦር መርከብንና ራዳርን ነው። ሕንድ ያደረገችውን ማሻሻያ ስንመረምር ግን ቀዳሚው ጥያቄ የመሣሪያ ሳይሆን የኃላፊነት ሆኖ እናገኘዋለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 2008 ከካራቺ የተነሡ 10 የታጠቁ ሰዎች ኩበር የተባለችውን የሕንድ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ በባሕር ላይ ያዙ፤ ሠራተኞቿንም ገደሉ። በእርሷ እስከ ሙምባይ አቅራቢያ ከደረሱ በኋላ በጎማ ጀልባ ሆነው ከዓሣ አጥማጆች ሰፈር ወረዱ። በተከተሉት ቀኖች 166 ሰዎች ሞቱ።

ታዲያ ጠባቂ አልነበረምን? ነበረ። በሩቁ ባሕር የባሕር ኃይል፣ ከዚያ ወዲህ የጠረፍ ዘብ፣ በዳርቻው ደግሞ የየክፍለ ሀገሩ ፖሊስ ነበሩ። ነገር ግን አንዱ ያወቀው ለሌላው በጊዜው አይደርስም፤ ለጠቅላላው የሚጠየቅ አንድ አለቃም አልነበረም።

ስለዚህ መንግሥቱ በ2009 የባሕሩን ጸጥታ ጠቅላላ ኃላፊነት ለባሕር ኃይል ሰጠ። እስከ 12 የባሕር ማይል ያለው ክልል፣ ፖሊስ የሚዘዋወርበት ጭምር፣ ለጠረፍ ዘብ ሆነ። በሙምባይ፣ በኮቺ፣ በቪሻካፓትናምና በፖርት ብሌር የጋራ ማዕከሎች ተቋቋሙ። በመጀመሪያው ዙር 46 የራዳር ጣቢያዎች ተተከሉ፤ ወሬውን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሰባስብ ማዕከልም በ2014 በዴልሂ አጠገብ ተከፈተ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ራዳር ጀልባ መኖሯን ያሳያል እንጂ በውስጧ ያለው ማን እንደሆነ አይናገርም። ኩበርም ብትሆን የአገሩ ጀልባ ነበረች። ማንነትን በራዲዮ የሚያስታውቀውን መሣሪያ እንዲይዙ የታዘዙት ከ20 ሜትር በላይ የሆኑት ሲሆኑ፣ እጅግ ብዙዎቹ የዓሣ ጀልባዎች ከዚህ ያንሳሉ። ለዚህም ነው ጀልባዎችን መመዝገብና ለዓሣ አጥማጆች መታወቂያ ማደል ያስፈለገው።

በእኛ አስተያየት የማሻሻያው ዋና ፈተና እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ጀልባን ከሩቅ የሚለይ፣ ባሕሩን እንደ ደጁ የሚያውቅ ዓሣ አጥማጁ ነው። በየጊዜው የሚፈተሽ ተጠርጣሪ ብቻ ካደረጉት ያየውን በሆዱ ይይዛል። ሲናገር የሚሰማው ካገኘ ግን ጠረፉ ዓይን አለው ማለት ነው።