«መናኛ» የሚለው ቃል ምንጭና ትርጕም

በገበያም ሆነ በየቤታችን አንድ ዕቃ ደካማ ሆኖ ሲገኝ «መናኛ ነው» እንላለን። መናኛ ጨርቅ፥ መናኛ ጫማ፥ መናኛ እህል ይባላል። ቃሉ ከአፋችን የማይጠፋ ቢሆንም ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም በአማርኛ ትምህርታችን የቃላትን ሥር መመርመር ስለ ጀመርን ይህን አንድ ቃል መርጬ፥ የተረዳሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን በአጭሩ ለመግለጥ እወዳለሁ።

የቃሉ ሥር መነነ የሚለው ግሥ ነው። መነነ በግዕዝ ናቀ፥ አቃለለ፥ አልፈልግም ብሎ ተወ ማለት ነው፤ ምኑን ሲልም የተናቀ፥ የተጣለ ማለት ነው። በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት በ117ኛው መዝሙር፥ አናጺዎች አይረባም ብለው ስለ ተዉት በኋላ ግን ለማዕዘን ስለ በቃው ድንጋይ ሲነገር፥ መናቃቸው የተገለጠው በዚሁ ግሥ ነው። የግዕዝን ሥር ለመከታተል የሚወድ ተማሪ፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁት፥ በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላት ታላቅ ረዳት ይሆነዋል።

በአማርኛ ግን የግሡ ትርጕም ጠበብ ብሏል። መነነ ስንል ዓለምን ትቶ ወደ ገዳም ወይም ወደ በረሓ ሄደ ማለታችን ነው፤ ይህን የሚያደርገውም ሰው መናኝ ይባላል። ለመነ ብሎ ለማኝ፥ ዘፈነ ብሎ ዘፋኝ እንደሚል፥ «ን» ወደ «ኝ» ተለውጦ ነው። እንግዲህ መናኝና መናኛ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ልዩነታቸውም እንደ ሰባሪና እንደ ሰባራ ያለ ነው፤ ሰባሪ የሚሰብረው፥ ሰባራ የተሰበረው ነው። መናኝ ዓለምን የተወ ሰው ነው፤ መናኛ ደግሞ ሰው የተወው ዕቃ ነው። አንዱን በአክብሮት፥ ሌላውን በንቀት መጥራታችን የሚያስደንቅ ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። መናኛ የሚለው ቃል በሥሩ የሚናገረው ስለ ዕቃው ባሕርይ ሳይሆን ስለ ናቂው ነው። ጥራት የሚለውን ቃል ከጎኑ ብናቆመው ይህ ይበልጥ ይገለጣል። ጥራት፥ ጠራ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ጠላ ሲጠራ አተላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህንም ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ጥራት በዕቃው ውስጥ ያለ ነው፤ መናኛነት ግን በመራጩ ልብ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ጤፍን እንመልከት። በገበያ ምርጡ ነጭ ጤፍ ማኛ፥ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ሠርገኛ ይባላል። ቀዩ ጤፍ ለብዙ ዘመን የድኻ ምግብ ተብሎ ዝቅ ባለ ዋጋ ሲሸጥ ኖሯል። ዛሬ ግን ብዙ ከተሜዎች ለጤና ይስማማል እያሉ ቀዩን ፈልገው ይገዛሉ። እህሉ ያው እህል ነው፤ የተለወጠው የገዢው አሳብ ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶም እንዲሁ ነው። መናኛ ጫማ ይሉታል፤ ነገር ግን ድንጋይና እሾኽ በበዛበት መንገድ ባለቤቱን ለረዥም ጊዜ ያገለግላል። የሚያብረቀርቅ የሱቅ ጫማ ግን አንድ ክረምት ሳያልፍ ሶሉ ሲገነጠል አይተናል።

ይህን ስል ክፉ ዕቃ የለም ማለቴ አይደለም። በበርበሬ ላይ የሸክላ አፈር፥ በቅቤም ላይ ሌላ ነገር ቀላቅሎ የሚሸጥ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ግን መናኛ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ጉድለቱን በስሙ ጠርቶ «ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል» ማለት ይገባል። ገዢው የሚጠነቀቀው፥ ሻጩም የሚያፍረው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ቃሉ ከዕቃ አልፎ ወደ ሰው ሲደርስ ነው። ልብሱ ያረጀውን፥ ከገጠር መጥቶ አነጋገሩ ለየት ያለውን ወይም በፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘውን ተማሪ መናኛ የሚሉ አሉ። ነጥብ ስለ አንድ ፈተና ብቻ ይናገራል፤ መናኛ የሚለው ቃል ግን ልጁን በሙሉ አውጥቶ ይጥለዋል። እንዲህ የተባለ ልጅ ይሥቁብኛል ብሎ በክፍል ውስጥ መጠየቅን ይተዋል፤ መጠየቅን ከተወም ትምህርቱ ያመልጠዋል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህ ቃል ወደ አፋችን ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የናቀው ማን ነው? በምን መስፈሪያ ሰፍሮ ነው? ጉድለቱስ በትክክል ምንድን ነው? ለዕቃ ከሆነ መልሱን አግኝተን ጉድለቱን እንናገር፤ ለሰው ከሆነ ግን ቃሉን ጨርሶ ብንተወው መልካም ነው እላለሁ።