የቀን ውሎ እንዴት ትዝታ ይሆናል?

ጥያቄ (ከይጁቤ)፦ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከ30 ዓመት በፊት የተደገሰን ሠርግ ከነዝርዝሩ እያስታወሱ ያለፈውን ሳምንት ውሎ የሚያምታቱት፣ ወደ ጓዳ ገብተውም ለምን እንደገቡ የሚጠፋባቸው ለምንድን ነው? የበሽታ ምልክት ነውን?

መልስ፦ ሰው ከነቃበት እስከሚተኛበት ሰዓት የሚያየውና የሚያደርገው ነገር ያለማቋረጥ የሚፈስ ቢሆንም፣ አንጎል ይህን ፍሰት እንዳለ አያስቀምጠውም፤ ይልቁንም በየቦታው እየከፈለ፣ መነሻና መድረሻ ያላቸው ክስተቶች አድርጎ ይይዘዋል። አንዱ ክስተት አብቅቶ ሌላው የሚጀምርበት ቅጽበት «የክስተት ድንበር» ይባላል፤ የሚፈጠረውም በአብዛኛው ቦታ ሲቀየር፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ወይም የሥራው ዓላማ ሲለወጥ ነው። ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ጉዞው ቢጠየቅ መሳፈሩን፣ መውረዱን፣ ያገኘውን ዘመድና የፈጸመውን ጉዳይ ይናገራል እንጂ በመንገድ ዳር ያለፈውን እያንዳንዱን የጤፍ ማሳ አይዘረዝርም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳረን ኒውትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ፊልም የሚመለከቱ ሰዎች አንድ ድርጊት አበቃ ባሉ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫኑ ሲደረግ፣ ሳይመካከሩ በአብዛኛው በተመሳሳይ ቦታ ላይ እንደሚከፍሉት ታይቷል። ሌላው ተመራማሪ ጄፍሪ ዛክስና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ አንጎል ቀጥሎ የሚመጣውን ሁልጊዜ እንደሚገምትና ግምቱ ሲሳሳት አዲስ ክስተት እንደሚከፍት ይገልጻሉ።

የተከፈለውን ክስተት የሚያስተሳስረው በግራና በቀኝ ጆሮ ግንድ ትይዩ፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል የሚገኝ ሂፖካምፐስ የተባለ ጥምዝ አካል ሲሆን፣ ሥራውም ቦታን፣ ጊዜን፣ ሰውንና ስሜትን በአንድነት ማያያዝ ነው። የዚህ አካል ጥቅም ጎልቶ የታወቀው ሄንሪ ሞላይሰን በተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እርሱም ለከባድ የሚጥል በሽታ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1953 የሁለቱም ሂፖካምፐሶቹ ሰፊ ክፍል በቀዶ ሕክምና ስለተወገደ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ፣ አዲስ የገጠመውን ነገር ከደቂቃዎች በላይ መያዝ ተሳነው። የሚያስደንቀው ግን እርሱን ያጠናችው ተመራማሪ ብሬንዳ ሚልነር ያስተማረችውን የእጅ ሥራ፣ መማሩን ፈጽሞ ሳያስታውስ፣ በየቀኑ እያሻሻለ መሥራቱ ነበር፤ ስለዚህም የገጠመንን ነገር ማስታወስና ተደጋግሞ የተለመደን ሙያ መያዝ በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች የሚከናወኑ መሆናቸው ታወቀ። በጎጃም አብያተ ጉባኤ ድጓውን በቃሉ የያዘ ሊቅ እያንዳንዱን ቃል በየትኛው ቀን እንደተማረ ባያስታውስም ዜማው ሳይጎድል የሚዘልቀው፣ በብዙ ዓመት ድግግሞሽ የተገነባ እውቀት ከአንድ ቀን ክስተት ትዝታ የተለየ ስለሆነ ነው።

ወደ ጓዳ ገብቶ መርሳት እንግዲህ ከላይ ከተጠቀሰው የክስተት ድንበር የሚመጣ እንጂ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ተመራማሪው ጋብርኤል ራድቫንስኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት በር ማለፍ ብቻውን ቀድሞ የታሰበውን ነገር ለማስታወስ አስቸጋሪ እንደሚያደርገው አሳይቷል፤ በተለይ ሐሳብ በተደራረበበት ሰው ላይ ይህ ይበረታል፤ ወደ ተነሡበት ክፍል መመለስም በዚያው ጥናት የተረሳውን አላስመለሰም። ያለፈው ሳምንት የሚምታታው ደግሞ ተመሳሳይ ቀኖች በመካከላቸው ጎላ ያለ ድንበር ስለማይኖራቸው ነው፤ ሠርጉ ግን በአዳዲስ ሰዎች፣ በጠንካራ ስሜትና በተደጋጋሚ ወግ የታጀበ በመሆኑ ጸንቶ ይቀራል። ነገሩን «የሚካኤል ዕለት ነው»፣ «ከማርያም በኋላ ነው» እያሉ በወር በዓላት መለየት ለዚህ እጅግ የሚረዳ ልማድ ነው። እንቅልፍም እንዲሁ፤ አይጦች በተኙ ጊዜ ቀን የሄዱበት መንገድ በሂፖካምፐሳቸው እንደገና እንደሚደገም እ.ኤ.አ. በ1994 ተረጋግጧልና ማታ በደንብ ያልተኛ ሰው የውሎውን ትዝታ በሚገባ አያጠናክርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ መቼ ነው ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው?

መልስ፦ አንድ ሰው የተመለሰለትን ጥያቄ ደጋግሞ የሚጠይቅ፣ በለመደው መንገድ የሚጠፋ፣ በገበያ ሒሳብ መቁጠር ያቃተው ወይም የቅርብ ዘመዱን የሚረሳ ከሆነ መመርመር ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ «ጃጅተዋል» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ድብርት፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ አረቄ ማብዛትና የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት በእርጅና የመጣ የሚመስል፣ ነገር ግን ሊታከም የሚችል የመርሳት ችግር ያስከትላሉ። ድንገት የመጣ ግራ መጋባት ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን መዛል ከተጨመረበት የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት (ስትሮክ)፣ ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ በተመለሰ ሰው ላይ ከትኩሳት ጋር ከታየ ደግሞ አንጎልን የሚያጠቃ ወባ ሊሆን ስለሚችል፣ ቤተሰብ ሳይዘገይ በዚያው ሰዓት ታማሚውን ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ያድርሰው።