በቅርባችን ያለውን እንይ፦ ከዳሞታ ተራራ እስከ አባያ ሐይቅ

አንድን እጩ መምህር አስቁመን «በአገራችን የሚጎበኝ ምን ምን አለ?» ብንለው ላሊበላን፣ አክሱምን፣ የፋሲልን ግንብ አከታትሎ ይጠራልናል። «በሶዶና በአረካ ዙሪያስ?» ስንለው ግን ትንሽ ዝም ይልና «አጆራ ፏፏቴ» ብሎ ያበቃል። አይፈረድበትም፤ በመማሪያ መጽሐፍ ሲያነብ ያደገው የሩቁን ነውና። ሆኖም ተመርቀን የምንመደብበት የገጠር ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራም ቤተ መዘክርም ላይኖረው ይችላል። ሠላሳ አርባ ተማሪ ይዞ ላሊበላ የሚወርድ መምህር ደግሞ የት ይገኛል? ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከዱቦ ብዙም ሳንርቅ ልናያቸው የምንችላቸውን ጥቂት ቦታዎች እናነሳለን። «ውብና ማራኪ» የሚለውን ሙገሳ ለሆቴል ማስታወቂያ እንተወውና፣ ተማሪ እዚያ ቆሞ ምን ሊማር ይችላል የሚለውን እንጠይቅ።

መጀመሪያ መሬቱን እንወቅ። ሶዶ የተራራ ግርጌ ከተማ ነች። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና መስመር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከበላይዋ የቆመው ዳሞታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። የተራራ ግርጌ ከተሞች በየትም አገር ይመሳሰላሉ፤ ዋሻውም፣ ምንጩም፣ ፏፏቴውም የተራራው ስጦታ ነው። በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያ ግርጌ የምትገኘው ዴህራ ዱን እንኳ ጎብኚ የምትስበው ወንዝ ውስጡን አቋርጦት በሚያልፍ ዋሻና ከገደል በሚንጠባጠብ ምንጭ ነው። የታወቀው የሕንድ የደን ምርምር ተቋምም ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀመጫው እዚያው ነው።

የእኛ ዳሞታና በዙሪያው ያለው ከፍታ ውሃ ከፋይ ነው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃ ኦሞ ገብቶ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ይሆናል። በምሥራቅና በደቡብ የሚወርደው ደግሞ በብላቴና በሐመሳ ወንዞች በኩል አባያ ይገባል። የአንድ ቤት ጣሪያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስላችሁ ዝናቡን በሁለት ወገን ብታፈሱት የአራተኛ ክፍል ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸውን ቦታዎች ሁሉ ይህን ጣሪያ በልቦናችን ይዘን ብንከተላቸው መንገዱ አይጠፋንም።

በምዕራቡ ወገን አጆራን እናገኛለን። ከአረካ በስተሰሜን ምዕራብ፣ አጃቾና ሶኬ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ወደ አንድ ጥልቅ ሸለቆ ይወረወራሉ። መንትያ ፏፏቴ መባሉም ለዚህ ነው። እዚያ የደረሰ ተማሪ ፎቶግራፍ ከመነሳቱ በፊት «ውሃው ለምን እዚህ ላይ ይዘላል? ለምን ቀስ ብሎ አይወርድም?» ተብሎ ይጠየቅ። ከላይ ያለው ዐለት ጠንካራ፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሲሆን ውሃው የታችኛውን እየቦረቦረ ገደል ይሠራል የሚለውን የመጽሐፍ ትምህርት በዓይኑ እያየ ይመርምረው። ለማየት የሚመረጠው ጊዜ ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በበጋ ውሃው ይቀንሳል። ወላይታዎች ጊፋታን፣ ማለትም አዲስ ዓመታቸውን የሚያከብሩት ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ስለሆነ ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል። የገደሉ ጫፍ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ልጆች በሩቁ ይቁሙ።

በዚሁ በኦሞ ወገን ወላይታና ዳውሮ በሚዋሰኑበት ቦታ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ አለ። የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። በማኒሳ ወንዝ ላይ ተፈጥሮ ራሷ የዘረጋችው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለውም ይታያል። እነዚህን ለሌላ ጊዜ እናቆያቸው።

አሁን ብዙ ልንቆይበት ወደምንፈልገው ቦታ እንሂድ፤ ይኸውም በዳሞታ ምዕራባዊ ወገብ ላይ የሚገኘው ሞቼና ቦራጎ ነው። ዋሻ ይባል እንጂ ዐለቱ እንደ ጣሪያ ወደ ፊት የተንጠለጠለበት ሰፊ መጠለያ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያን፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመራው ቡድን ቁፋሮ አካሂደውበታል። ከመሬቱ የወጣው የባልጩት መሣሪያ፣ ከሰልና የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር እንደሚያሳየው ሰዎች እዚህ መጠለል የጀመሩት ከዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የዓለም አየር ቀዝቅዞና ደርቆ በነበረበት በዚያ የበረዶ ዘመን እነዚህ ደጋዎች ርጥበታቸው ስላልተቋረጠ ለሰው ልጅ መሸሸጊያ ሆነው ይሆናል የሚል ሐሳብ ተመራማሪዎቹ አቅርበዋል።

«50,000 ዓመት መሆኑን ማን ቆጠረው?» የሚል ተማሪ መቼም አይጠፋም። ጎበዝ ነው፤ አትቆጡት። ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር በሰውነቱ ውስጥ ካርቦን 14 የሚባል ነገር ይይዛል። ሲሞት አዲስ መጨመሩ ይቆምና የነበረው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በከሰሉ ውስጥ የቀረውን ለክቶ ዕድሜውን ማስላት ይቻላል። ከ50,000 ዓመት ገደማ ካለፈ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ስለሚሆን ዘዴው አይሠራም፤ ሌላ መለኪያ ይፈለጋል። የሒሳብ መምህር ይህን ብቻ ይዞ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምርበት ይችላል።

የቦታው ትልቁ ትምህርት ግን በእኛ አስተያየት ሌላ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በወላይታም ጭምር፣ ቆዳ ፋቂዎች በእንጨት እጀታ ላይ የተገጠመ የድንጋይ መፋቂያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይሠሩበት እንደነበር ብራንትና ባልደረቦቹ መዝግበዋል። የድንጋይ ሥራ በዓለም ላይ ከሞላ ጎደል በጠፋበት ዘመን ድንጋይ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚፈለጥና እንዴት እንደሚሳል የሚያውቁ ሰዎች በመካከላችን ነበሩ ማለት ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት ባሕር ተሻግረው ከእነሱ ሊማሩ መጡ። እኛስ? የፋቂውን፣ የሸክላ ሠሪዋንና የቀጥቃጩን ልጅ ምግብ አብረነው የማንበላ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አብሮት የሚቀመጥ ጓደኛ የሚያጣ አድርገነው ኖረናል። ይህን ነገር በየትምህርት ቤቱ እናገኘዋለን፤ የለም ብሎ መሸፋፈን አያዋጣም። መምህሩ ክፍሉን ሞቼና ቦራጎ ወስዶ «ይህን መሣሪያ ለመሥራት ምን ያህል ብልሃት ይጠይቃል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከተቻለም ሙያውን የሚያውቅ አንድ አረጋዊ ጋብዞ ያስረዳ። ያን ቀን ከኋላ ወንበር ተደብቆ የሚቀመጠው ልጅ ወሬው ስለ ማን ቤት ሙያ እንደሆነ ይገባዋል። የ50,000 ዓመቱ ሰው የዛሬው ፋቂ ቀጥተኛ አያት ነው ብላችሁ ግን እንዳታስተምሩ። ያ አልተረጋገጠም፤ አያስፈልግምም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ እንጨምር። ከዚያ ቦታ አንዲት ስባሪ ድንጋይ እንኳ ለማስታወሻ ተብላ አትነሳ። ከንብርብሯ የወጣች ድንጋይ ዕድሜዋን የሚነግርላት የለም። ከመሄዳችሁም በፊት የአካባቢውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስፈቅዱ።

ታሪክ ለምታስተምሩ ደግሞ ኬላዎቹ አሉላችሁ። ዛሬ ኬላ ስንል መንገድ ላይ መኪና የሚፈተሽበትን ነው። በወላይታ የካዎ አማዶ ኬላ፣ የካዎ እጃጆ ኬላ የሚባሉት ግን ነገሥታቱ አገራቸውን ለመከላከል ያሠሯቸው ምሽጎች ናቸው። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄም ያየውን በ1896 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል፤ የሰው እልቂቱና የከብት ዘረፋው ብዙ ነበር። ይህን ስታስተምሩ ከፊታችሁ የተቀመጡት ልጆች የማን የልጅ ልጆች እንደሆኑ አትርሱ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ መምህር በተለይ ከመናገሩ በፊት ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ ይሻለዋል። የካቡን ርዝመት በእርምጃ አስለክቶ ካርታ ማስነሳት ለተማሪ ጥሩ ሥራ ነው፤ ድንጋዩ ለአጥር የሚወሰድ ከሆነም ቢያንስ የት እንደነበረ ተጽፎ ይቀራል።

በመጨረሻ ወደ ጣሪያው ሌላ ወገን፣ ወደ አባያ እንውረድ። አባያ ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ስፋቱ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎረቤቱ ጫሞ ሰማያዊ ሲመስል አባያ ግን ቀይ ቡናማ ነው። ጎብኚ «እንዴት ያምራል!» ይላል። እኛ ግን ቀለሙ ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ። ወንዞቹ ከየተዳፋቱ አጥበው ያመጡት ደቃቅ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ነው። ያ ቀይ ነገር በቆሎና ቦይና ሊበቅልበት ይችል የነበረ አፈር ነው።

መድኃኒቱም መንገድ ላይ ይታያል። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ሁምቦ አካባቢ የተራቆተ የነበረ ተራራ እንደገና ለብሶ እናያለን። ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ወርልድ ቪዥን እየረዳቸው፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው አገገመላቸው። የሚገርመው አብዛኛው ዛፍ አለመተከሉ ነው። ከመሬት ሥር በሕይወት የነበረው ጉቶ ያቆጠቆጠውን መርጠው፣ ትርፉን መልምለው፣ ከብት ከለከሉ፤ በቃ። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሥርዓት ተመዝግቦ ደኑ ለሚይዘው ካርቦን ገንዘብ ይከፈላቸው ጀመር። ተማሪዎቻችሁን ከክልሉ ድንበር ላይ አቁማችሁ ውስጡንና ውጭውን አስተያዩአቸው።

ከዚያ በተረፈ ሁለት ባዶ ጠርሙስ ያዙ። በአንዱ ከዝናብ በኋላ የደፈረሰ የወንዝ ውሃ፣ በሌላው የአባያን ውሃ ቅዱ። አባያ አዞ ስላለው ልጆች ወደ ዳር አይጠጉ፤ ዓሣ አስጋሪዎችን ብትለምኑ ይቀዱላችኋል። ጠርሙሶቹን ሳይነቀነቁ መስኮት ላይ አሳድሯቸው። ጧት ከታች የዘቀጠውን አፈር በማስመሪያ ለክታችሁ በየጠርሙሱ ላይ ጻፉ፤ የትኛው ቶሎ እንደጠለለ፣ ለምን እንደሆነም ተማሪዎቹ ይናገሩ።